ስቴት ፔንሽን (የመንግሥት ጡረታ) ሳይደርስ ከእንግሊዝ ለሚወጡ፦ የሕክምናውን ክፍተት እንዴት መሙላት ይቻላል?

እንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው በጊዜ ጡረታ ወጥቶ ሌላ አገር ስለ መኖር ሲያወራ ወሬው ሁሉ ገንዘብ ነው። ቤቱ ስንት ይሸጣል፣ ፔንሽኑ በወር ስንት ያመጣል፣ የስፔኗ ማላጋ አካባቢ ኪራይ እንዴት ነው። ሕክምና የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። እሱም ቢሆን "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ናሽናል ኢንሹራንስ ከፍያለሁ፣ መብቴ ነው" ተብሎ ይዘጋል። ናሽናል ኢንሹራንስ ከደሞዝ የሚቆረጠው የመንግሥት መዋጮ ነው።

አይደለም። መብታችሁ አይደለም። በ55 ወይም በ58 ዓመታችሁ ሥራ አቁማችሁ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ፖርቹጋል ወይም አዲስ አበባ ለመግባት የምታስቡ ከሆነ ይህንን ከቤት ሽያጩ በፊት ማወቅ አለባችሁ።

ኤን ኤች ኤስ፣ የእንግሊዝ የሕዝብ ሕክምና ሥርዓት፣ የሚያየው የከፈላችሁትን ሳይሆን የምትኖሩበትን ነው። ኑሯችሁ እንግሊዝ እስከሆነ ድረስ አንድ ፔኒ ያልከፈለውም አርባ ዓመት የከፈለውም እኩል ይታከማል። ጠቅልላችሁ ከወጣችሁ ደግሞ አርባ ዓመት የከፈለውም እንደ ጎብኚ ይቆጠራል። ፓስፖርቱ አያድንም። የከፈላችሁት ናሽናል ኢንሹራንስ የሚጠቅማችሁ በሌላ በኩል ነው፦ ስቴት ፔንሽን ያስገኝላችኋል፣ ስቴት ፔንሽኑ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ የሕክምና በር ይከፍትላችኋል። ሥራ ካቆማችሁበት ቀን ጀምሮ እስከዚያች ዕድሜ ድረስ ያለውን ጊዜ ግን የእንግሊዝ መንግሥት አይሸፍንም። ጽሑፉ ስለዚህ ክፍተት ነው።

ድሮ ምን ነበር፣ አሁን ምን ሆነ

ቀደም ብለው የወጡ ሰዎች "ኧረ ፎርም አለ፣ እኔ ተቀብያለሁ" ሊሏችሁ ይችላሉ። አልዋሹም። በፊት ኢ 106 የሚባል፣ በኋላ ስሙ ወደ ኤስ ዋን የተቀየረ ወረቀት ነበር። ጡረታ ዕድሜ ሳይደርስ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለሄደ ሰው፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የከፈለው ናሽናል ኢንሹራንስ ታይቶ፣ ቢበዛ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ድረስ የሕክምና ወጪውን እንግሊዝ ትሸፍንለት ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ብዙ አይመስልም፤ ግን ሰው ቋንቋውን እስኪለምድና ወረቀቱን እስኪያስተካክል ትልቅ እፎይታ ነበር።

ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ ላይ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ በራሱ ፈቃድ በጊዜ ጡረታ ለወጣ ሰው እንግሊዝ ምንም አትሰጥም። ስለዚህ በ2010 የወጣ ጎረቤታችሁ የሚመክራችሁን ምክር በአክብሮት ሰምታችሁ ተዉት፤ የእሱ ዘመን ሕግ ነው።

ቀጥሎ ብሬግዚት መጣ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች። የሽግግሩ ጊዜ ያለቀው ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው፣ ይህቺ ቀን ሰውን ለሁለት ትከፍላለች። እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ የኅብረቱ አገር ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ይኖር የነበረ እንግሊዛዊ በመውጫ ስምምነቱ የተጠበቀ ነው፤ የመኖሪያ መብቱም የሕክምና መብቱም በአመዛኙ እንደነበረ ቀጥሏል። ከዚያ በኋላ የሚሄድ ግን እንደማንኛውም የውጭ ዜጋ ቪዛ ይጠይቃል፣ ቪዛው ደግሞ የጤና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ያለ ቪዛ ሼንገን (የአብዛኛው አውሮፓ የጋራ የድንበር ክልል) ውስጥ መቆየት የሚቻለው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። "እየገባሁ እየወጣሁ እኖራለሁ" የሚለው ብልሃት እዚህ ጋ ያልቃል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ለስቴት ፔንሽን ተቀባዮች የሚሰጠው ኤስ ዋን፣ ማለትም የሕክምና ወጪያቸውን እንግሊዝ የምትሸፍንበት ወረቀት፣ ከብሬግዚት በኋላም አልጠፋም። እንግሊዝና ኅብረቱ ባደረጉት የንግድና ትብብር ስምምነት ውስጥ ተካቶ ቀጥሏል። ይህ ማለት ክፍተቱ መጨረሻ አለው። ጥያቄው መጨረሻው ድረስ እንዴት ትደርሳላችሁ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ክፍተታችሁን አስሉ

ሌላውን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት የስቴት ፔንሽን ዕድሜያችሁን በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ እዩ። 66 የነበረው ዕድሜ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 67 እየወጣ ነው። ከማርች 6 ቀን 1961 ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 1977 ድረስ የተወለደ ሰው 67 ነው የሚደርሰው። በ1970 ተወልዶ በ56 ዓመቱ ሥራ ያቆመ ሰው የ11 ዓመት ክፍተት አለበት ማለት ነው። 11 ዓመት! ያውም ደም ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ ጉልበቱም ብቅ የሚሉባቸው ዓመታት።

የተወለዳችሁት ኢትዮጵያ ሆኖ ልደታችሁ ፓስፖርቱ ላይ በግምት ወይም ከዘመን አቆጣጠር ቅየራ የተነሳ ተዛብቶ ከተጻፈ፣ የሚቆጠረው መዝገብ ላይ ያለው ቀን ነው። ብዙ ሀበሻ ይህ ነገር አለበት፤ እዚህ ሂሳብ ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም።

እዚያው ድረ ገጽ ላይ የናሽናል ኢንሹራንስ ዓመታታችሁን ተመልከቱ። ሙሉ ስቴት ፔንሽን ለማግኘት አብዛኛው ሰው 35 ዓመት ያስፈልገዋል፤ ከነአካቴው አንድ ነገር ለማግኘት ደግሞ 10 ዓመት። ለሕክምና ጉዳይ ዋናው ቁጥር 35ቱ ሳይሆን 10ሩ ነው፣ ምክንያቱም ኤስ ዋን የሚሰጠው ስቴት ፔንሽን ለሚቀበል ሰው ነው እንጂ ሙሉውን ለሚቀበል አይደለም። በሳምንት ጥቂት ፓውንድ የምትመጣ ፔንሽን እንኳን በሩን ትከፍታለች። እንግሊዝ ዘግይታችሁ ከገባችሁና ዘጠኝ ዓመት ብቻ ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ዓመት መጨመር ምናልባት በሕይወታችሁ የምታወጡት ትርፋማ ወጪ ይሆናል። ውጭ ሆኖ በፈቃደኝነት መክፈል ይቻላል፤ ግን ርካሹ፣ ክላስ ቱ የሚባለው የመዋጮ ዓይነት፣ ውጭ ለሚኖሩ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ተዘግቷል፣ የቀረው ውድ የሆነው ክላስ ስሪ ነው፣ ለእሱም ቅድመ ሁኔታው ጠብቋል። ስለዚህ የጎደለ ዓመት ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ሙሉት።

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የመሥሪያ ቤት ፔንሽን ስቴት ፔንሽን አይደለም። ለኤን ኤች ኤስ ራሱ ሠርታችሁ፣ ነርስ ሆናችሁ፣ አውቶቡስ ነድታችሁ ወይም ካውንስል ውስጥ ቆይታችሁ በ55 ወይም በ60 የምትጀምሩት ፔንሽን ገንዘብ ያስገኛል እንጂ ኤስ ዋን አያስገኝም። በነገራችን ላይ የግል ፔንሽን የሚነካበት ትንሹ ዕድሜ ራሱ ከኤፕሪል 2028 ጀምሮ ከ55 ወደ 57 ይወጣል፤ በ55 ልውጣ ያላችሁ ሰዎች ይህንንም አትርሱ።

ክፍተቱን የሚያሳጥሩ ሦስት መንገዶች

አንደኛው የትዳር ጓደኛ ነው። ባልየው 67 ሞልቶት ስቴት ፔንሽን ጀምሯል እንበል፣ ሚስትየዋ ደግሞ 58 ናት። እሱ በሚያገኘው ኤስ ዋን ውስጥ እሷ ጥገኛ ሆና ልትገባ ትችላለች። ጥገኛ ማን ነው የሚለውን የሚወስነው የምትኖሩበት አገር ነው፣ ስለዚህ ከአገር አገር ይለያያል። በመካከላችሁ ሰፋ ያለ የዕድሜ ልዩነት ካለ ግን ሌላ ነገር ከማጥናታችሁ በፊት ይህንን አጣሩ። ብዙ ሺህ ዩሮ ያድናል።

ሁለተኛው በሕመም ሥራ ላቆሙ ሰዎች ነው። በከፈላችሁት ናሽናል ኢንሹራንስ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ፣ ከአገር ውጭም የሚከፈል የሕመም ወይም የሥራ ላይ ጉዳት ድጎማ ካላችሁ፣ ስቴት ፔንሽን ሳይደርስም ኤስ ዋን ሊገኝ ይችላል። ድጎማ ሁሉ ግን አይደለም፤ ገቢ ታይቶ የሚሰጠው ከእንግሊዝ ስትወጡ ይቆማል። የሚወስነው ኒውካስል ያለው የኤን ኤች ኤስ ቢዝነስ ሰርቪስስ ክፍል ነው፣ ቀጥታ እነሱን ጠይቁ።

ሦስተኛው ትንሽ መሥራት ነው። "ጡረታ ወጥቼ?" ትሉ ይሆናል። ግን በምትሄዱበት አገር በሕግ ተመዝግቦ በትንሹ የሚሠራ ሰው የዚያ አገር ሶሻል ሴኩሪቲ ከፋይ ይሆናል፣ ሕክምናውም አብሮ ይመጣል። ችግሩ ቪዛው ነው። ለጡረተኞች የሚሰጠው ዓይነት ቪዛ ብዙውን ጊዜ ሥራ ይከለክላል፤ የስፔኑ በስሙም ጭምር ገቢ የማያስገኝ የሚባል ቪዛ ነው። ከእንግሊዙ ሌላ የስዊድን ወይም የሌላ የኅብረቱ አገር ፓስፖርት ይዛችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀላል። የኅብረቱ ዜጋ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። ካልሠራችሁ ግን እናንተም ቢሆን በቂ ገንዘብና ሙሉ የጤና ሽፋን እንዳላችሁ ማሳየት ይጠበቅባችኋል፤ ፓስፖርቱ ያንን አይሽረውም።

አገር ስትመርጡ

ስፔንን በደንብ እንያት፣ እንግሊዛዊው ሁሉ እሷን ስለሚወድ። ገቢ የማያስገኘው ቪዛ በዓመት 28,800 ዩሮ ያህል ገቢ ይጠይቃል፤ ሒሳቡ ኢፕሬም የሚባለው የመንግሥት መነሻ ቁጥር በአራት ተባዝቶ ነው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው ደግሞ 7,200 ዩሮ ይጨመራል። በዚያ ላይ ስፔን ውስጥ የተፈቀደለት ኩባንያ የሚሰጠው ሙሉ የግል ጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ሙሉ ማለት ሐኪም ጋ በሄዳችሁ ቁጥር የምትጨምሩት ክፍያ የሌለበት ነው። ርካሹን ገዝቶ ቆንስላው የመለሰበት ሰው ብዙ ነው።

ብልሃቱ የሚመጣው በዓመቱ ነው። ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ፣ ፓድሮን የሚሉት ነው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከተመዘገባችሁ በኋላ ኮንቬንዮ ኤስፔሲያል የሚባል ውል ከክልሉ የጤና ቢሮ ጋር መግባት ትችላላችሁ። ከ65 ዓመት በታች የሆነ በወር 60 ዩሮ፣ 65 እና ከዚያ በላይ 157 ዩሮ ይከፍላል። በ2013 ሲወጣ የተቀመጠ ዋጋ ነው። በስፔን የሕዝብ ሐኪም ቤት ትታከማላችሁ፣ ከዚህ በፊት የነበረባችሁን በሽታ ምክንያት አድርጎ ማንም አይመልሳችሁም። ስኳር ወይም የልብ ችግር ላለበት ሰው ይህ ወርቅ ነው። ጉድለት አለው ግን፦ የመድኃኒት ቅናሹን አያካትትም፣ ሙሉውን ዋጋ ፋርማሲው ላይ ትከፍላላችሁ። ሌላ አገር ስትሄዱም አይከተላችሁም። እንግዲህ ከባዱ የመጀመሪያው ዓመት ነው ማለት ነው። ፓድሮኑን በደረሳችሁ ሳምንት አስመዝግቡ፤ አንድ ወር ዘገያችሁ ማለት አንድ ወር ተጨማሪ የግል ኢንሹራንስ ነው።

ፈረንሳይ ታሪኳ ያስተምራል። በ2007 መንግሥቷ ሥራ የሌላቸውን፣ ጡረታ ዕድሜ ያልደረሱትን የኅብረቱ ዜጎች ከሕዝብ ጤና መድኑ እንዲወጡ ወሰነና በሺዎች የሚቆጠሩ እንግሊዛውያን ከቤታቸው ጭምር ሊነቀሉ ነው ተባለ። ተቃውሞ ተነሳ፣ ቀድመው የገቡትን ተዉአቸው፣ አዲሶቹ ግን አምስት ዓመት በግል ኢንሹራንስ እንዲቆዩ ተገደዱ። አሁን ያለው ፑማ የሚባለው ሥርዓት ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ የሚሠራ ነው፣ መነሻውም መኖር ነው፦ ፈረንሳይ ውስጥ በሕጋዊና በቋሚነት ሦስት ወር የኖረ ሰው ማመልከት ይችላል። ስለዚህ የግል ኢንሹራንሱ በዋናነት ለቪዛውና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ለጥንቃቄ ዓመት ሙሉ ግዙ፣ ምክንያቱም ማመልከቻው ሦስት ወር ላይ ቢገባም መልሱ ወራት ይፈጃል።

እዚህ ጋ ለሀበሻ አንድ ማስጠንቀቂያ። ፈረንሳዮች የልደት የምስክር ወረቀት ይወዳሉ። ኢትዮጵያ ከተወለዳችሁ፣ ወረቀቱ ተረጋግጦ፣ በሕጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ፣ ስማችሁም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ተመሳስሎ መቅረብ አለበት። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ፣ ወይም "ጽጌ" በአንዱ እንዲህ በሌላው እንዲያ በላቲን ከተጻፈ፣ ፋይሉ ይመለሳል። ከእንግሊዝ ሳትወጡ፣ ለዘመድ ውክልና ልካችሁም ቢሆን፣ ይህንን ጨርሱ።

ፑማ ነጻ አይደለም። ሐኪም ስታዩ መንግሥት የሚመልሰው 70 በመቶ ያህሉን ነው፣ የቀረውን ሙቱዌል የሚባል ተጨማሪ ኢንሹራንስ ይሸፍናል። ከሥራ ገቢ ሳይኖራችሁ ከኪራይ፣ ከአክሲዮንና ከመሳሰለው ከፍ ያለ ገቢ ካላችሁ ደግሞ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ባለው ላይ 6.5 በመቶ የሚደርስ መዋጮ ሊመጣባችሁ ይችላል። ለንደን ያለውን ቤት አከራይቶ በዚያ ለመኖር ያሰበ ሰው የሂሳብ ባለሙያ ያማክር።

ጣሊያን በቀላሉ ይገለጻል፦ በፈቃደኝነት ወደ ሕዝብ ሥርዓቱ ለመግባት ከ2024 ጀምሮ ትንሹ ክፍያ በዓመት 2,000 ዩሮ ሆኗል፣ በፊት ከነበረው እጅግ ከፍ ብሏል። ክፍያው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፣ አይከፋፈልም፤ ኦክቶበር ላይ ብትመዘገቡ የሙሉ ዓመቱን ከፍላችሁ ሦስት ወር ነው የምትታከሙት። ፖርቹጋል መኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው የሕዝብ ጤና ጣቢያ ላይ ተመዝግቦ የተገልጋይ ቁጥር ማውጣት ይቻላል፤ ወረፋው ስለሚረዝም አቅም ያለው ሰው የግል ኢንሹራንስ ደርቦ ይይዛል።

አየርላንድን ማንም አያስባትም፣ ብርድ ስለሆነች መሰለኝ። ግን የእንግሊዝ ዜጋ በሁለቱ አገሮች የቆየ የጋራ ጉዞ ስምምነት መሠረት ያለ ቪዛ መኖር ይችላል፣ ሕክምናውም እንደ አገሬው ነው። ወረቀት ለሚጠላ ሰው ከሁሉም የምትቀለው እሷ ናት።

የግል ኢንሹራንስ ስትገዙ

የጉዞ ኢንሹራንስ የኑሮ ኢንሹራንስ አይደለም። ቤት ያለው ሰው እንደሆናችሁ፣ ወደ ቤታችሁም እንደምትመለሱ አስቦ ነው የተሠራው። ጂሂክ የምትባለዋ፣ በ2021 የአውሮፓን ካርድ የተካችው የኤን ኤች ኤስ ካርድም እንዲሁ ናት። እንግሊዝ ለሚኖር ሰው የተሰጠች የጉብኝት ካርድ ናት። ከእንግሊዝ ከወጣችሁ በኋላ በእሷ መታከም ወጪው ተመልሶ እናንተ ላይ እንዲመጣ መጋበዝ ነው።

ኢንሹራንስ ሻጩን የሚጠየቀው ጥያቄ ዋጋው ስንት ነው የሚለው ሳይሆን የኔን በሽታ ምን ታደርገዋለህ የሚለው ነው። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንደኛው የሕክምና ታሪካችሁን ሁሉ መጀመሪያ ትናገራላችሁ፣ እነሱም ይሄን እሸፍናለሁ፣ ይሄን አልሸፍንም ብለው በጽሑፍ ይሰጣሉ። በሌላኛው ምንም አይጠይቁም፣ ግን ባለፉት ዓመታት ምልክቱ የታየባችሁን ነገር ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት፣ አይሸፍኑም። ሁለተኛው ፈጣን ስለሆነ ሰው ይወደዋል። እኔ ከ50 በላይ ለሆነ ሰው አልመክረውም፤ ክርክሩ የሚጀምረው ሐኪም ቤት ተኝታችሁ እያለ ነው። መጀመሪያ ተናግሮ፣ በጽሑፍ ተቀብሎ መተኛት ይሻላል። የደም ግፊት ኪኒን እየዋጡ "ጤነኛ ነኝ" ብሎ መፈረም ደግሞ ኢንሹራንሱን ገዝቶ መቅደድ ነው።

ሌላው ዕድሜ ነው። የዘንድሮው ዋጋ የዘንድሮ ነው፣ በየዓመቱ ይወጣል። እስከ ስንት ዓመት ዕድሜ እንደሚያድሱላችሁ፣ የካንሰር ሕክምና ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ የራሳችሁ መዋጮ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምታወጡት) ከፍ ቢል ዋጋው ምን ያህል እንደሚወርድ ጠይቁ። ዓለም አቀፍ ሽፋን ከፈለጋችሁ አሜሪካን ያስወጣውን ውሰዱ፣ ዋጋው በግልጽ ይቀንሳል። ዋሽንግተን ያለችውን እህታችሁን ለመጠየቅ ስትሄዱ የጉዞ ኢንሹራንስ ለየብቻ ግዙ።

ከመውጣታችሁ በፊት ባሉት ወራት

ጂፒያችሁ ጋ፣ ማለትም የተመዘገባችሁበት የሠፈር ሐኪም ጋ፣ ሂዱ። ከሦስት ወር በላይ ከአገር የሚወጣ ሰው ከጂፒ መዝገብ መሰረዝ አለበት፣ ስለዚህ ለመናገር ሳይሆን የሚገባችሁን ይዛችሁ ለመውጣት ነው የምትሄዱት። የሕክምና መዝገባችሁን ሙሉ ቅጂ ጠይቁ፣ በሕግ በነጻ ነው የሚሰጠው። የደም ምርመራ ውጤቶች፣ የኤምአርአይ ምስሎች፣ የክትባት ዝርዝር፣ የመድኃኒቶቻችሁ ዝርዝር። መድኃኒቱ በኩባንያ ስሙ ሳይሆን በዋና ስሙ ይጻፍላችሁ፣ የኩባንያ ስም ድንበር ሲሻገር ይቀየራል። በኤን ኤች ኤስ አፕ ላይ የምታዩትን ነገር ሁሉ ሳትሰረዙ በፊት አውርዱ።

የተጀመረ ምርመራ ካለ ጨርሱ። የአንጀት ካንሰር፣ የጡት፣ የማሕፀን በር ምርመራ ጥሪ ደርሷችሁ "እመለስበታለሁ" ያላችሁት ካለ አሁን ግቡ። ቀዶ ሕክምና ወረፋ ላይ ያላችሁ ደግሞ እወቁት፦ ወረፋው አብሯችሁ አይሄድም፣ ነዋሪ መሆናችሁ ሲያበቃ እሱም ያበቃል። የጉልበት ቀዶ ሕክምና አራት ወር የቀራት ሰው ጉዞዋን አራት ወር ብታዘገይ ይሻላታል።

ለታክስ መሥሪያ ቤቱ መውጣታችሁን በፒ 85 ፎርም አሳውቁ። የስልክ ቁጥራችሁን አትዝጉ፣ ፖስታ የሚቀበልላችሁን ሰውም አትጡ። የጡረታ ዕድሜያችሁ ሲቃረብ መንግሥት የሚጽፍላችሁ በሚያውቀው አድራሻ ነው።

ዕድሜው ሲደርስ ስቴት ፔንሽን ውጭ ሆናችሁ የምትጠይቁት ኢንተርናሽናል ፔንሽን ሴንተር ነው፣ ቀኑ አራት ወር ሲቀረው ማመልከት ትችላላችሁ። አንዳንድ ሰው ፔንሽኑ ከፍ እንዲል ያዘገየዋል። አውሮፓ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህንን አስቡበት፦ ፔንሽኑ ሳይጀመር ኤስ ዋን አይመጣም፣ በተጨማሪው ሳምንታዊ ገንዘብ ያገኛችሁትን ኢንሹራንሱ ይበላዋል። ኤስ ዋኑ ሲመጣ በምትኖሩበት አገር የጤና ቢሮ ማስመዝገብ የእናንተ ሥራ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ኤስ ዋን አያክምም። ከእንግሊዝ በፊት ጣሊያን ወይም ኔዘርላንድ ሠርታችሁ ከነበረና አሁን የምትኖሩበት ያ አገር ራሱ ትንሽም ብትሆን ጡረታ የሚከፍላችሁ ከሆነ ግን ሕክምናችሁ የዚያ አገር ኃላፊነት ይሆናል፣ የእንግሊዝ ኤስ ዋን አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ለሚገቡ

እንግሊዝና ኢትዮጵያ የሕክምና ስምምነት የላቸውም። ስለዚህ ኤስ ዋን የሚባል ነገር በ67ም አይመጣም፤ ክፍተቱ መጨረሻ የለውም ማለት ነው። ስቴት ፔንሽኑ ይላክላችኋል፣ ግን እንደ እንግሊዙ በየዓመቱ አይጨምርም፣ በጀመራችሁበት መጠን ይቆማል። የሕክምና ዋጋ ግን አይቆምም።

የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያው፣ ቢጫ ካርዱ፣ የመኖርና የመሥራት መብት ይሰጣል፣ ሕክምና አይሰጥም። ለተራ ነገር የአዲስ አበባ የግል ሆስፒታሎች በካሽ ይበቃሉ፣ ጥሩ ሐኪሞችም አሉ። የሚያስፈራው ትልቁ ነገር ነው፦ ልብ፣ ካንሰር፣ የጭንቅላት ደም መፍሰስ። ያኔ ሰው ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ይሄዳል፣ በውጭ ምንዛሬ። እኔ ብሆን ለጂፒ ደረጃ ሕክምና ኢንሹራንስ አልገዛም። የሆስፒታል አልጋ፣ ካንሰርና በአውሮፕላን ማስወጣት ብቻ የሚሸፍን፣ የራሴ መዋጮ ከፍ ያለበት ዓለም አቀፍ ውል እገዛለሁ፣ ለተራው ደግሞ እንግሊዝ ባንክ ውስጥ በፓውንድ የሚቀመጥ ገንዘብ እይዛለሁ። ዘመድ አዝማድ እያዋጣ ለማሳከም መሯሯጡ ደስ የሚል እቅድ አይደለም፣ በተለይ ገንዘቡ ያለው እናንተ ጋ ነው ተብሎ ሲታሰብ።

ለጉብኝትና ለመመለስ

ከወጣችሁ በኋላ ለጉብኝት ለንደን ስትመጡ ድንገተኛ ክፍል መታየትና ጂፒ ማየት ለማንም ነጻ ነው። ሆስፒታል ከተኛችሁ ግን ይለያል። ስምምነት ከሌለው አገር የመጣ ሰው፣ የእንግሊዝ ዜጋም ቢሆን፣ የኤን ኤች ኤስ ዋጋ 150 በመቶ ይጠየቃል፤ አስቸኳይ ካልሆነ ደግሞ ክፍያው ከሕክምናው በፊት ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ስትመጡም የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋችኋል። ከአዲስ አበባ ወደ ለንደኗ ክሮይደን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ያስቃል፣ ግን ግዙ።

ጠቅልላችሁ ከተመለሳችሁ ደግሞ የምትጠብቁት ጊዜ የለም። ብዙ ሰው ስድስት ወር መቆየት አለብኝ ይላል፣ እንደዚያ የሚል ሕግ የለም። ለመኖር ከመጣችሁበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነዋሪ ናችሁ፣ ሕክምናውም ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው። ሆስፒታሉ ግን ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል፦ የኪራይ ውል፣ ካውንስል ታክስ፣ ውጭ ያለውን ቤት መሸጣችሁን ወይም መልቀቃችሁን የሚያሳይ ወረቀት፣ ዕቃ የላካችሁበት ደረሰኝ፣ የአንድ መንገድ ቲኬት። ታምማችሁ ቀጥታ ከኤርፖርት ሆስፒታል የምትገቡ ከሆነ ጥያቄው ይጠነክራል፣ ወረቀቱን በስልካችሁ ላይ ያዙት። የልጃችሁ ቤት የምታርፉ ከሆነ በእናንተ ስም የሆነ ቢል ስለማይኖር ልጃችሁ "አብረውኝ ለመኖር መጥተዋል" ብሎ ፈርሞ የሚጽፈው ደብዳቤ ከሌላው ወረቀት ጋር ይግባ።